የአሮጌው ሼቭሮሌት አልተርኔተርና የቺንጋው መስመር

ጀኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1947 አጋማሽ ለገበያ ያቀረባቸው የሼቭሮሌት ጭነት መኪኖች አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ከየእርሻው ጓሮ እየተጎተቱ ይወጡና ታድሰው መንገድ ላይ ይታያሉ። ስድስት ሲሊንደሮቹን በአንድ ረድፍ ያሰለፈው 3.5 ሊትር ሞተራቸው ብዙ አያስቸግርም፤ አሠራሩ ቀላል ነው፣ እጅም ያስገባል። የሚያስቸግረው ጎኑ ላይ የተሰቀለው የ6 ቮልት ዲናሞ ነው። ቀን ረጅም መንገድ ሲሄዱበት ባትሪውን ደህና አድርጎ ይሞላል። ማታ መብራቱና ማሞቂያው እየሠሩ ቀይ መብራት ይዟቸው ሲቆሙ ግን የፊት አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፤ መኪናው የሚበላው ከባትሪው ነውና።

በእኛ ጋራዦች ሁለቱም ዲናሞ ስለሚባሉ፣ እዚህ አሮጌውን ዲናሞ፣ አዲሱን አልተርኔተር ብለን እንለያቸው። በዲናሞው ውስጥ ኃይሉ የሚመነጨው ከሚሽከረከረው ጥቅል ነው። ስለዚህ ከ35 እስከ 45 አምፔር የሚደርሰው ጅረት በሙሉ በካርቦኖቹ በኩል ተፋትጎ ይወጣል። ያንን ከባድ ጥቅል እንደ ልብ ማፍጠንም አይቻልም፤ ሽቦውና ካርቦኖቹ የሚያርፉባቸው የመዳብ ቁርጥራጮች ይፈነቀላሉ። ፍጥነቱ እንዲገደብ ትልቅ ፑሊ ይደረግለታል፤ ታዲያ ሞተሩ ሲያዘግም እሱም አብሮ ያዘግማል፣ መሙላቱንም ይተዋል። አልተርኔተር ይህን ገለበጠው። የሚሽከረከረው ጥቂት አምፔር የሚበቃው ማግኔት ሲሆን ዋናው ኃይል የሚወጣው በዙሪያው ከቆመው ጥቅል ነው። ስለዚህ ትንሽ ፑሊ ተደርጎለት ከሞተሩ ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢፈጥንም አይጎዳም።

አሳቡ ቀድሞም ነበረ። ያልነበረው ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር ትንሽና ርካሽ ዕቃ ነው፤ ያንን የሲሊከን ዳዮድ ሞላው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 ቫሊያንት የተባለችውን መኪናውን ከነአልተርኔተሯ አወጣት፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የሼቭሮሌት አዳሾች ዛሬ በብዛት የሚገጥሙት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጀኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ የተስፋፋውን ዴልኮ ሬሚ 10 ኤስአይ ነው። ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር እዚያው ሆዱ ውስጥ ስለሆነ የተለየ ሳጥን አይፈልግም።

አልተርኔተሩ በተለምዶ ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ስለሆነ ባትሪውና አምፖሎቹ ይቀየራሉ፤ የማቀጣጠያው ኮይልና የማሞቂያው ሞተርም ይቀየራሉ፣ ወይም ቮልት መቀነሻ ይደረግላቸዋል። አሮጌዎቹ ሽቦዎች ካልተላላጡ ይበቃሉ፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ብርሃን የሚያልፈው አምፔር ግማሽ ነው። ሞተሪኖውም ቁልፉ ላይ ብዙ ካልቆዩበት ይችለዋል። መኪናውን በእረፍት ቀን በፀሐይ ብቻ የሚነዳ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ዲናሞህን አጽዳና ተወው እለዋለሁ። በዚያ ዘመን የተሠራ የፎርድ ጭነት መኪና ያለው ደግሞ ሌላም ነገር ይጠብቀዋል፦ ከአካሉ ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ሳይገለብጥ አልተርኔተር ቢያገናኝ ዳዮዶቹ ወዲያው ይቃጠላሉ።

ወደ ገጠማው ስንመጣ፣ ዲናሞው ረጅም በርሜል ነው፤ ፊትና ኋላ ባሉት እግሮቹ መቀመጫው ላይ ይታሰራል። አልተርኔተሩ አጭርና ወፍራም ሲሆን አንድ ጆሮ መያዣ፣ ሌላ ጆሮ ቺንጋ መወጠሪያ አለው። በአሮጌው መቀመጫ ረጅም ብሎን አሳልፎ ክፍተቱን በቱቦ ቁራጭ መሙላት ይቻላል፤ ለዚሁ ተሠርቶ የሚሸጥ መያዣም አለ። ክፍተቱ ሳይሞላ ብሎኑን በጉልበት ማጥበቅ ግን የአሉሚኒየሙን ጆሮ ይሰነጥቀዋል።

እስከዚህ ድረስ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ይሠራዋል። ሥራው የሚለየው ቺንጋው ላይ ነው። በዚህ ሞተር አንድ ቺንጋ ሦስት ፑሊ ያዞራል፦ ከታች የሞተሩን ዘንግ፣ ከላይ ቬንትሌተሩን ከነውሃ ፓምፑ፣ ከጎን ዲናሞውን። ቺንጋው ሲበጠስ ባትሪ መሙላቱ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዙም ይቆማል። ጭነቱም ጨምሯል። 40 አምፔር በ7 ቮልት የሚሰጥ ዲናሞ 280 ዋት ያወጣል፤ 63 አምፔር በ14 ቮልት የሚሰጥ አልተርኔተር ግን ወደ 880 ዋት ይጠጋል። ሦስት እጥፍ የሚሆነውን ኃይል የሚያደርሰው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ሰዎች አምፔር ሲያወዳድሩ ይውላሉ፤ ይህን የሚያሰላ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ስፋቱ ይታይ። የዱሮው ቺንጋ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 10 ኤስአይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለጠባብ ቺንጋ ከተሠራ ፑሊ ጋር ነው። ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ተዳፋት ጎኖቹ ነው፤ እንጨት ውስጥ እንደገባ ሽብልቅ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። ሰፊው ጠባብ ቦይ ላይ ሲውል አፉ ላይ ይንጠለጠላል። ጠባቡ ሰፊ ቦይ ውስጥ ሲገባ ወለሉን ነክቶ ይንሸራተታል። ለአልተርኔተሩ ሰፊ ቦይ ያለው ፑሊ መግዛት ነው እንጂ ሌላ ዘዴ አያዛልቅም።

ቀጥሎ መስመሩ። ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ሲባጎ ከታችኛው ፑሊ እስከ አልተርኔተሩ ይዘረጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፑሊዎቹን ጠርዝ በማስተካከሉ ነው፤ የጠርዛቸው ውፍረት ስለሚለያይ መገጣጠም ያለበት የቦዮቹ መሃል ነው። ስሕተቱም ሁለት ዓይነት ነው። ፑሊው ቀጥ እንዳለ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከወጣ ከመያዣው ጀርባ እኩል ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ይስተካከላል። ፑሊው ከተጣመመ ግን በአንዱ ብሎን በኩል ብቻ ስስ ሮንዴላ ይገባል። የሚፈቀደው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ብሎኖቹ ሲጠብቁ መያዣው ስለሚሳብ ልኬቱ ከጠበቁ በኋላ ይደገማል። ይህን ያልፈለገ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፑሊው ዙሪያ ጥቁር ዱቄት ያገኛል፣ የቺንጋውም አንድ ጎን ይላጫል። ያን ጊዜ አዲስ ቺንጋ ይገዛል፤ የሚጮኸው ቺንጋው ቢሆንም የገረፈው ሌላ መሆኑን ልብ ሳይል።

ውጥረቱ ቀላል ነው። በረጅሙ ክፍል መሃል በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ በላይ የጠበቀ ቺንጋ የውሃ ፓምፑንና የአልተርኔተሩን ኩሽኔታ ይበላል። ሲወጥሩ ማንሻውን የፊተኛው ወፍራም አካል ላይ ማሳረፍ ነው፤ የኋላው ሽፋን ስስ ነው።

ሽቦው የሚነካው ባትሪው ተፈትቶ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ግን ባትሪው መፈታት የለበትም፣ ቮልቱ በድንገት አሻቅቦ ዳዮዶቹን ይጨርሳል። ከአልተርኔተሩ እስከ ባትሪው ወፍራም ሽቦ ይዘረጋል፤ አልተርኔተሩን መሙላት የሚያስጀምረው ቀጭን ሽቦ ደግሞ በዳሽቦርዱ አምፖል በኩል ያልፋል፤ በቀጥታ ከታሰረ ቁልፉ ተዘግቶም ሞተሩ አልጠፋም ሊል ይችላል። ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከተነበበ መሙላቱ ደህና ነው። አዲስ ቺንጋ ቶሎ ስለሚላላ ግማሽ ሰዓት ከነዱ በኋላ ቆሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እንደገና መወጠር ያስፈልጋል።