ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ አጀማመርና አቻ አጨራረስ



በየመሥሪያ ቤታችሁ ስምና ቁጥር በየረድፉ የሚሰፍርበትን ወረቀት ሰንጠረዥ ትሉታላችሁ። ቃሉ ግን በመኳንንት አዳራሽ ለብዙ ዘመን የኖረ የጨዋታ ስም ነው። ይህ ጨዋታ ዛሬ በዓለም ቼዝ ለሚባለው የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ የሁለቱም ምንጭ በጥንቱ የሕንድና የፋርስ ምድር ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፏል።

ገበታው ባለ 64 ቤት ነው። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በማዕዘን ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል።

ከቼዝ የሚለየው ዋናው ነገር አጀማመሩ ነው። ይህም ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ዓይኑን ከባላጋራው እጅ ላይ አይነቅልም፤ የዚያን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣልና። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ሁሉም በተራ ይሆናል።

አጨራረሱም የራሱ ሥርዓት አለው። ሠራዊቱ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይረታም፤ ጨዋታው በአቻ ይፈጸማል። ከንጉሡ ጋር አንድ ባለማዕረግ ጠጠር ብቻ ቢቀር፣ ባላጋራው ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ንጉሡን መርታት ይገባዋል። በደርና በፈረስ መርታትም ብዙ አያስመሰግንም፤ ክብሩ በደካሞቹ ጠጠሮች ለረታ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ለአባቶቻችን ድል ማለት ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን የአሸናነፉም ወግ እንደ ነበረ ነው። የባላጋራውን ሠራዊት ያለ ልክ የፈጀ ሰው፣ በገዛ እጁ ድሉን ያጣል።

ወደ ላስታ ደጋ የወጣ መንገደኛ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ቆመው ያገኛቸዋል፤ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸውና። የጨዋታ ደንብ ግን የሚጸናው በሚጫወቱት ሰዎች ብቻ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ስለ ታሪኩና ስለ ደንቡ ጽፈው አኑረውልናል። እንግዲህ ቼዝ በቤታችሁ ካለ ሌላ ዕቃ አያሻችሁም፤ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል አድርጋችሁ፣ በአንድ ምሽት ከልጆቻችሁ ጋር ወረራውን ሞክሩት።