አዲስ የተወለደ ጥጃ ስለምን ይሞታል?

በደኅና የተወለደ ጥጃ ሳምንት ሳይሞላው ሲሞት ጉዳቱ በበረት አይወሰንም። የአገራችን ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ብዙ ጊዜ አልታለብም ስለምትል፥ ለሕፃናት ይሆን የነበረው ወተት አብሮ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን በቡዳ ያመካኛል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ስለ ሆነ መከላከያው በእጃችን ነው።

የሰው ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ በሽታ የሚከላከል ኃይል ከእናቱ ደም ይቀበላል። የላም የእንግዴ ልጅ ግን ይህን ኃይል አያሳልፍም፤ ጥጃው የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱም ኃይሉን ወደ ደም የሚያስገባው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሲሆን፥ 24 ሰዓት ገደማ ሲሞላው መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ጥጃው ሳይጠግብ እንገሩን ለቤተ ሰብ ማለብ፥ ያለ ጋሻ ወደ ጦር ሜዳ እንደ መስደድ ይቆጠራል።

በመጀመሪያዎቹ 4 ቀኖች ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴርያ ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል። ከዚያም እስከ 3ኛው ሳምንት ሮታ ቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም ይከተላሉ። ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው በማሟጠጥ ነው፤ ምልክቱም የዓይን መጎድጎድና የጆሮ መቀዝቀዝ ነው። ካልደረቀ እትብት የሚገባው ተሕዋስ ደግሞ ደሙን ይመርዛል፤ መገጣጠሚያዎቹንም ያሳብጣል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤

1ኛ/ ላሚቱ በንጹሕና በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ትውለድ።
2ኛ/ ጥጃው 6 ሰዓት ሳያልፍበት እንገር ጠግቦ ይጥባ፤ ክብደቱ 25 ኪሎ ቢሆን 2 ሊትር ተኩል ያህል ያስፈልገዋል።
3ኛ/ እትብቱ ወዲያው በአዮዲን ይነከር።
4ኛ/ ተቅማጥ የያዘው ጥጃ ከሌሎቹ ይለይ፤ ወተት ሳይከለከል፥ የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው መጠን የተበጠበጠ የጨውና የስኳር ውሃ ይጠጣ።

ክሪፕቶስፖሪዲየምና ሳልሞኔላ ከጥጃ እበት ወደ ሰው ይሻገራሉ፤ ይልቁንም ሕፃናትን ይጎዳሉ። ስለዚህ ከበረት የወጣ ሰው ምግብ ሳይነካ፥ ሕፃንም ሳያቅፍ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ክሪፕቶስፖሪዲየም በውሃ መድኃኒት በክሎሪን በቀላሉ ስለማይሞት፥ እበት የነካው ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። ጥጃው ከጠገበ በኋላ የተረፈውን እንገር ግን ቤተ ሰቡ አፍልቶ ቢመገበው የሚከለክል የለም።