የሌሊት አየር ሲረጋ

ኅዳር 12 ማታ፣ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ አዲስ አበባ በየደጁ ቆሻሻ ስታቃጥል፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አስተውላችሁ ይሆናል። ጥቂት ሽቅብ ይወጣና ጣራ የገጠመው ይመስል ወደ ጎን ይንጣለላል፤ ከዚያ ሰፈርተኛውን ሲያስል ያድራል። ጣራውም በእርግጥ አለ፤ ሞቅ ያለ አየር ነው።

ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። መሬቱን የነካው አየር ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ስለሚከብድም ከታች ይተኛል። ወትሮ ሽቅብ በወጡ ቁጥር ይበርዳል፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ግን እስከ ተወሰነ ከፍታ ድረስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሆኖ የተደላደለ አየር በዋዛ አይናወጥም፤ ጭሱም የሚበትነው አያገኝም።

እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ1920 እ.ኤ.አ. ነፋስ ከእንዲህ ያለ የረጋ አየር ጋር የሚገጥመውን ግብግብ በአንድ ቁጥር ገለጸው። ነፋሱ ከታች ዝግ፣ ከላይ ፈጣን ሲሆን አየሩን ሊያናውጥ ይታገላል፤ የክብደቱ ልዩነት ደግሞ ይዞ ያስቀረዋል። ቁጥሩ የሁለቱ ንጽጽር ነው። በኋላ የመጡ የሒሳብ ሊቃውንት ከሩብ ካለፈ መናወጥ አይነሳም አሉ። አየሩ ግን ሩቡን ሁልጊዜ አያከብርም።

በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ ሜዳ ላይ 60 ሜትር ምሰሶ ተተክሎ ከታች እስከ ላይ መለኪያ ተደረደረበት። ሌሊት ነፋሱ ሞተ ማለት እንዳልሆነ እዚያ ቁልጭ ብሎ ታየ። የመሬቱ ሰበቃ ስለማይደርስበት ከላይ ይጋልባል፤ ከታች ቅጠል አይነቃነቅም። በመካከላቸው ያለው የፍጥነት ልዩነት ሲበረታ አየሩ ድንገት ይናወጣል፤ ሞቃቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቴርሞሜትሩ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ይላል። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይረጋል። በእኛና በኬንያ ከፍታዎች መካከል የሚያልፈው የቱርካና ነፋስም ሌሊትና ማለዳ ነው የሚበረታው፤ ኬንያ 365 ተርባይኖች የተከለችለት እሱ ነው።

ባሕር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የውኃ ሙቀት በቀንና በሌሊት ብዙም ስለማይለዋወጥ አየሩን የሚያረጋው ሌሊቱ ሳይሆን ሞቃት አየር በቀዝቃዛ ውኃ ላይ መንፈሱ ነው። በክረምት ወራት ሶማሊያ ጠረፍ ላይ ብርቱው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የላዩን ውኃ ወደ መሐል ባሕር ይገፋና ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል፤ በላዩ የሚያልፈው አየር ከሥሩ ይበርዳል። የብስ ላይ ፀሐይ ረፋዱን የምታፈርሰው እርጋታ ባሕር ላይ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ሰሜን ባሕር ላይ በአውሮፕላን ሲለካ፣ ተርባይኖች ያደከሙት ነፋስ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶም ሳያገግም ተገኝቷል፤ አናውጦ ከላይ ብርታት የሚያወርድለት የለማ!

የአየር ትንበያ ሞዴሎች ለብዙ ዘመን የሌሊቱን አየር ከእውነተኛው አብዝተው ሲያማስሉ ኖረዋል፤ ያለዚያ መሬቱ በስሌታቸው ውስጥ ከልክ በላይ ይቀዘቅዝባቸዋል። በዚያ ላይ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ባቄላው ግን ከዚያ በታች፣ ብርዱ በሚብስበት ነው ያለው። ረባዳ ላይ የምታርሱ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ማታ ሬዲዮው «ዝቅተኛው 3 ዲግሪ» ቢላችሁ፣ ማሳችሁን ውርጭ ሊመታው ይችላል ብላችሁ ተዘጋጁ።