አየሩ ሲታጠፍ አሸዋው አይታጠፍም

በጌዴኦ ዞን አሪቻ፣ ተፈልፍሎና ተብላልቶ የወጣ ቡና በሲሚንቶ ቦይ ሲታጠብ ውኃው ራሱ ደረጃ ያወጣለታል። ክብደት ያለው ፍሬ ታች ይቀራል፤ ቀላሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ከዚያ አካባቢ የተነሳ መንገደኛ ሐዋሳ ደርሶ የሚሳፈርበት ዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላንም ሞተሩን ከጠጠር የሚጠብቅበት ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በቦዩ ውስጥ ከባዱን የሚያስቀረው የመሬት ስበት ነው፤ በሞተሩ መግቢያ ግን ሥራውን የሚሠራው የአየሩ መታጠፍ ነው።

ከፕሮፔለሩ እምብርት በታች የተከፈተ አፍ አለ። በዚያ የገባ አየር ሞተሩ ዘንድ ለመድረስ ሽቅብ መታጠፍ ይኖርበታል። አየሩ ይታጠፋል፤ በፍጥነት የገባ ጠጠር ግን የያዘውን አቅጣጫ በቀላሉ አይለቅም። ቀጥ ብሎ ይሄድና፣ ከበስተኋላ ያለው መዝጊያ ከተከፈተለት፣ ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል። አብራሪዎች በረዶ፣ ከባድ ዝናብ ወይም ወፍ በሚያሰጋበት ጊዜ ይህን መዝጊያ ይከፍቱታል።

ችግሩ ያለው ከደቃቁ ዘንድ ነው። አንድ ቅንጣት የአየሩን መታጠፍ ለመከተል የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ውፍረቱ በ10 እጥፍ ያነሰ ቅንጣት አየሩን ወደ 100 እጥፍ በፈጠነ ጊዜ ይከተላል ማለት ነው። ስለዚህ ሻካራው አሸዋ ሲወረወር፣ ዱቄት የመሰለው አቧራ ከአየሩ ጋር ተጣጥፎ እስከ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃል።

እዚያ የሚጠብቁት በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ የመጭመቂያ ምላጮች ናቸው። የግጭቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ከብረቱ የሚነሳው መጠን ከ4 እስከ 8 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ቅንጣቱ የሚመታበት አንግልም ልዩነት ያመጣል። መስታወትና ሴራሚክ ክፉኛ የሚጎዱት ፊት ለፊት ሲመቱ ነው፤ የሞተር ብረት ግን ይበልጥ የሚበላው ቅንጣቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን አንግል አግድም ሲፍቀው ነው። የምላጩ የፊት ጠርዝ ይደንዛል፣ የኋላው ይሳሳል። መሽከርከሩ ቅንጣቶቹን ወደ ዳር ስለሚገፋቸው ጫፉም ያልቃል፤ በጫፉና በሽፋኑ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ የታመቀው አየር ወደ ኋላ ያፈተልካል። ያው ሞተር ያንኑ ኃይል ለመስጠት ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ሙቀቱም ይጨምራል።

የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ ከመፋቅ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ቅንጣቱ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። በ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ የዘመናዊ ጄት ሞተር የማቃጠያ ክፍል ደግሞ ከዚያ እጅግ ይግላል። የቀለጠው አመድ ተርባይኑ ደጃፍ ላይ ተለጥፎ ይጠጥርና የአየሩን መተላለፊያ ያጠብባል። እ.ኤ.አ. በ1982 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ከጋሉንጉንግ ተራራ በወጣ አመድ ውስጥ ሲያልፍ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተዋል። አውሮፕላኑ ከአመዱ ወጥቶ ወደ ታች ሲወርድ ነው እንደገና የተነሱት፤ የፊት መስታወቱ ግን ተፍቆ ደብዝዞ ነበር።

ይህን የሩቅ አገር ጉዳይ አድርጎ ማየት አይገባንም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣ። አፍዴራ አመድ ለበሰች፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ሰሜን ሕንድ ደረሰ። ኤር ኢንዲያ በዚያ መስመር ያለፉ አውሮፕላኖቹን ለመፈተሽ በረራዎችን ሰረዘ። ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ የመግቢያው መታጠፍ ጠጠርን ቢያስቀር እንዲህ ያለውን ደቃቅ አመድ አያስቀርም፣ የአውሮፕላን የአየር ሁኔታ ራዳርም እንደ ዝናብ አያየውም። አመድ ውስጥ መግባቱን ያወቀ አብራሪ የሚታዘዘው ሁኔታው እስከፈቀደለት ድረስ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ፣ ዞሮ በመጣበት እንዲመለስ ነው፤ ኃይል ሲቀንስ ሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ይወርዳል፣ የሚቀልጠው አመድም ያንሳል።