በመዳፍ ውስጥ የገባች የወንጀል ከተማ

ባለፈው የዒድ አል-ፊጥር ማግስት ለዘመድ ጥየቃ ወደ እህቴ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ በዒድያ ገንዘቡ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛውን ፒኤስፒ ይዞ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከሶፋው ጥግ ተቀምጧል። ለሰላምታዬ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ መለሰልኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ በደስታ በራና «አጎቴ፣ እዚህ ሰፈር በርካሽ ገዝቼ ወንዝ ማዶ በእጥፍ ሸጥኩት!» አለኝ። ነጋዴ ሊወጣው ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ማሻአላህ! ለመሆኑ የምትነግደው ምንድን ነው?» ስል ጠየቅሁት። ልጁ መሣሪያውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ዝም አለ።

ልጁ ይነግድ የነበረው ሄሮይን ነበር።

ጨዋታው «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ቻይናታውን ዋርስ» ይባላል። ሮክስታር ሊድስ ከሮክስታር ኖርዝ ጋር ሆኖ የሠራው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2009 በኒንቴንዶ ዲኤስ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ደግሞ በፒኤስፒ ለገበያ ቀረበ። ታሪኩ የሚፈጸመው ኒው ዮርክን በምትመስለው በሊበርቲ ሲቲ ነው። ሁዋንግ ሊ የተባለ፣ በወንበዴ ቡድን ውስጥ ትልቅ ሥልጣን የነበረው አባቱ የተገደለበት ወጣት፣ የቤተሰቡን ጎራዴ ለአጎቱ ለማድረስ ወደዚያች ከተማ ይመጣል። ገና ከአውሮፕላን እንደወረደ ጎራዴው ይዘረፋል፤ እሱም በጥይት ተመትቶ ከመኪና ጋር ውኃ ውስጥ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በቀል፣ ክህደትና ሩጫ ነው። ያ ክቡር የተባለ ጎራዴ አባትየው በቁማር ያገኘው መሆኑን ጨዋታው ራሱ እያሾፈ ይነግረናል። ሠሪዎቹ ቀልደኞች መሆናቸውን መካድ አይቻልም።

በሥራው ጥራትም ሊታሙ አይችሉም። የተቺዎችን ውጤት የሚያሰባስበው ሜታክሪቲክ ለዲኤስ ቅጂ ከ100 93 ሰጥቶታል፤ በዚያ መሣሪያ ላይ ከወጡት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ውጤቶች አንዱ ነው። ሆኖም በአሜሪካ በመጀመሪያው ወር ሽያጩ 90 ሺህ እንኳ አልሞላም። በጊዜው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅመናል፦ ዲኤስ በአብዛኛው የሕፃናትና የቤተሰብ መጫወቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ለአዋቂ የተሠራ ታሪክ በልጆች ዕቃ ላይ ተጭኖ መጣ ማለት ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ንግድ ልመለስ። በጨዋታው ውስጥ ስድስት ዓይነት አደንዛዥ ዕፅ ይሸጣል፣ ይገዛል። እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱ ሻጮች አሉት፤ ዋጋውም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። አንዱ ዘንድ የተትረፈረፈው ዕቃ ሌላው ዘንድ ይጠፋል። ሁዋንግ በኪሱ በሚይዛት ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ «እገሌ ዘንድ ዋጋ ወርዷል፣ እገሌ ዘንድ ተወዷል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ተጫዋቹ ዕቃውን ጭኖ ከተማውን ያቋርጣል፤ ፖሊስ ከያዘው የጫነውን ሁሉ ያጣል፣ ካመለጠ ያተርፋል። ከመግቢያው በኋላ ወደዚህ ንግድ እንዲገባ የሚያስገድደው የለም። ግን ገንዘብ የሚገኝበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው፤ ተቺዎችም ከጨዋታው እጅግ የሚስበው ክፍል ይህ እንደሆነ ሲያወድሱት ነበር።

ስለ እንዲህ ዓይነት ጨዋታዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥይትና ደም ነው። እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሒሳቡ ነው። የተኩስ ሁካታ ልጁን ለደቂቃ አስደንግጦ ያልፋል፤ ሒሳብ ግን ማታ አልጋ ላይም ይታሰባል። «ነገ የቱ ሰፈር ይወደድ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሐላል ነገር ሲሸጥም ሐራም ነገር ሲሸጥም ጣዕሙ አንድ ነው። የሚሸጠው ነገር ስም እየዋለ እያደረ ከስሌቱ ውስጥ ይጠፋል። ልጁ በደስታ ሲነግረኝ «ሄሮይን ሸጥኩ» አላለም፤ «ሸጥኩት» ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ተቃውሞ ይነሣል። አታላይን ጀግና ያደረገ ሥነ ጽሑፍ ዛሬ አልተጀመረም። የአል-ሐሪሪ መቃማት ዋና ገጸ ባሕርይ አቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ በአንደበቱ ሕዝብ እያሞኘ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ዑለማዎች ግን መጽሐፉን ለቋንቋው ውበት ሲሉ ለዘመናት ሲያስተምሩት ኖረዋል። እኔም ተምሬዋለሁ፤ አታላይም አልሆንኩም። ልዩነቱ የት ነው? አንደኛ፣ የመቃማት አንባቢ ማታለሉን ከጎን ቆሞ ያያል እንጂ ራሱ አያታልልም። ሁለተኛ፣ አቡ ዘይድ በመጨረሻው፣ በ50ኛው መቃማ ተውበት ያደርጋል። ሁዋንግ ሊ የአባቱ ገዳይ አጎቱ መሆኑን ደርሶበት ይበቀለዋል፤ ስለ ሸጠው ዕፅ ግን የሚጠይቀው የለም። በፊቅህ ትምህርት «ሰድ አዝ-ዘራኢዕ» የሚባል መርሕ አለ፤ ወደ ጥፋት የሚያደርሰውን መንገድ አስቀድሞ መዝጋት ማለት ነው። መርሑ ግን መንገዱ በእርግጥ ወዴት እንደሚያደርስ መመዘንንም ይጠይቃል።

ስለ ሚዛኑ ከተነሣ፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ባወጣው አቋም ዓመፅ ያለባቸው ጨዋታዎች ወደ ከባድ የዓመፅ ድርጊት ያደርሳሉ ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በአንጻሩ እንደ መጮኽና መገፈታተር ካሉ አነስተኛ የጠብ ባሕርያት ጋር መጠነኛ ዝምድና እንዳላቸው አስፍሯል። በመሆኑም «ልጅህ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል» እያሉ ወላጅን ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። «ምንም የለበትም» ማለትም እንደዚሁ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የመሣሪያው ትንሽነት ነው። በተለመደው ሁኔታ ይህ ተከታታይ ጨዋታ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። ሳሎን ውስጥ ሲጫወቱት እናት ቡና ይዛ ስታልፍ፣ አባት ከሶላት ሲመለስ ያዩታል። በ2005 «ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ»፣ በ2006 «ቫይስ ሲቲ ስቶሪስ» ለፒኤስፒ ሲወጡ ያ ሁሉ ከመዳፍ በማትበልጥ መስታወት ውስጥ ገባ። «ቻይናታውን ዋርስ» ደግሞ ካርቱን ይመስላል፤ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነው፣ ታሪኩም እንደ ሥዕላዊ መጽሔት በቋሚ ምስልና በጽሑፍ ይነገራል። እንግሊዝኛ የማያነብ ወላጅ በትከሻ በኩል አጮልቆ ቢያይ ትንንሽ መኪኖች ሲሯሯጡ ብቻ ነው የሚታየው። ይኸው ጨዋታ በ2010 ወደ አይፎን፣ በ2014 ወደ አንድሮይድ ስልኮች ተሸጋግሯል።

ጥበቃ የለም ማለት አይደለም። በአውሮፓ ማሸጊያው ላይ 18 የሚል ቁጥር በትልቁ ታትሟል፤ ማንበብ ለማይችልም የሚገባ ምልክት ነው። ችግሩ ቁጥሩ ያለው ካርቶኑ ላይ፣ ልጁ የገዛው ደግሞ ያለ ካርቶን መሆኑ ነው። ያገለገለ ፒኤስፒ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የተቀዱ ጨዋታዎች በታጨቁበት የማስታወሻ ካርድ ነው፤ እግር ኳሱም፣ የመኪና እሽቅድምድሙም፣ ሄሮይኑም አንድ ላይ ናቸው። መሣሪያው የወላጅ መቆጣጠሪያ ቢኖረውም ከፋብሪካ ሲወጣ የሚስጥር ቁጥሩ አራት ዜሮ ነው፤ ያልቀየረው ወላጅ በሩን ዘግቶ ቁልፉን እዚያው ሰክቶት እንደሄደ ነው።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። የሳዑዲ ዓረቢያ የሚመለከተው አካል በ2018 ካገዳቸው 47 ጨዋታዎች መካከል የዚሁ ተከታታይ አምስተኛ ክፍል ነበረበት። በ2025 ያው ጨዋታ በሳዑዲና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ብቻ ተፈቅዷል። ሕጉ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ይሠራል። ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጥ የማስታወሻ ካርድ ላይ ግን ብዙ ጉልበት የለውም።

በሰው ቤት ተቀጥረው ልጆች የሚያሳድጉ እህቶቻችንም ይህን ያውቃሉ። ከልጁ ጋር ረጅሙን ሰዓት የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ «አቁም» የማለት ሥልጣን ግን አልተሰጣቸውም። ቢሆንም የጨዋታውን ስም ለእመቤቲቱ መናገር ይችላሉ፤ ልጁ እንደሚቆጣ ቢታወቅም ቀድሞ የተናገረ ሰው በኋላ አይወቀስም።

የእህቴን ልጅ አልገሠጽኩትም። አጠገቡ ተቀምጬ «እስቲ ሱቅህን አሳየኝ» አልኩት። እያፈረ አሳየኝ፤ የዕፆቹን ስም አንድ በአንድ ሳነብለት ሁለቱን ብቻ ነበር የሚያውቃቸው። ስለ ቀሩት አስረዳሁት፣ የሚያደርሱትንም ነገርኩት። ከእናቱ ጋር ተነጋግረን ጨዋታው ከካርዱ ላይ እንዲጠፋ ተስማማን፤ የሚስጥር ቁጥሩንም እሷ ቀየረችው። ልጁ «እሺ» ካለ በኋላ ትንሽ አሰበና በቀስታ ጠየቀኝ፦ «አጎቴ፣ ያልሸጥኩት ዕቃ ነበረኝ። እሱም አብሮ ይጠፋል?»