ኮምፕሬሰርና የቤት ኤሌክትሪክ መስመር

በጉለሌ፣ በአዲሱ ገበያም ሆነ በሽሮ ሜዳ ዙሪያ፣ መኪና ያድርበት የነበረ ጋራዥ ወደ ጎሚስታ፣ ወደ ቀለም መርጫ ወይም ወደ እንጨት ሥራ ቤት ሲለወጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አስቀድመው ከሚገዙት ዕቃዎች አንዱ ኮምፕሬሰር የተባለው የአየር መጭመቂያ ነው። ገዥው ዕቃውን ከመርካቶ ጭኖ ያመጣና ከመኝታ ቤት ሶኬት በማከፋፈያ ገመድ ስቦ ያስነሣዋል። ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ወይ ገመዱ ይቀልጣል፣ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል። ዕቃውም ብልሹ ነው ተብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል፤ ሻጩ ደግሞ በአስመጪው ያመካኛል። በእንዲህ ያለው ክርክር ውስጥ ሳይጠየቅ የሚቀረው ዕቃውን ከቆጣሪው ጋር ያገናኘው ሽቦ ነው።

2 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የ1.5 ኪሎዋት ያህል ጉልበት ይሰጣል። በኢትዮጵያ የቤት መስመር በ220 ቮልት ሲሠራ 10 አምፔር ግድም ይስባል፤ ይህንንም 16 አምፔር የሚችል ደኅና መስመር ይሸከመዋል። ይሁን እንጂ ይህ ልክ ሞተሩ ፍጥነቱን ካገኘ በኋላ ያለው ነው። ከቆመበት በሚነሣበት ቅጽበት የዚህን አምስትና ስድስት እጥፍ፣ ማለትም ከ50 እስከ 60 አምፔር ድረስ ሊፈልግ ይችላል።

ጋራዡ ከቆጣሪው 30 ሜትር ይርቃል እንበል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 60 ሜትር ይሆናል። ለአምፖል የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በ60 አምፔር መነሻ ጊዜ ብቻውን 40 ቮልት ያህል ይበላል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው 180 ቮልት ብቻ ነው። የሞተሩ የመነሻ ጉልበት ደግሞ የሚወርደው በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ስለሆነ፣ ከሙሉው የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ነው። በዚህን ጊዜ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ሳይዞር በቆየ መጠንም ያንኑ ከፍተኛ አምፔር መሳቡን አይተውም። ገመዱና የሞተሩ ጥቅል ሽቦ የሚነዱት ያን ጊዜ ነው። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን በዚያው ርቀት የሚባክነው 16 ቮልት ግድም ብቻ ነው። በሁለቱ ሽቦዎች ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ የተቃጠለ ሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለዚህ ኮምፕሬሰር ከማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ የሚነሣ፣ ሌላ ዕቃ የማይካፈለው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ለአጭር ርቀት 2.5፣ ለረጅሙ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይስማማል። ብሬከሩ በሞተር መነሻ ጊዜ ያለ ምክንያት እንዳይወርድ «ሲ» የሚል ምልክት ያለበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መለወጥ፣ ወይም ፊውዙን በወፍራም ሽቦ ማሰር፣ ጠባቂውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው። የእንጀራ ምጣድም ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ምጣዱ በሚሠራበት ሰዓት ኮምፕሬሰሩ ቢያርፍ ለሁለቱም ይበጃል።

የመሬት ሽቦ ነገርም ቸል የሚባል አይደለም። የኮምፕሬሰሩ ገላ ብረት ነው፤ በክረምት ከእንጦጦ በሚወርደው ውሃ የጋራዡ ወለል እርጥብ ይሆናል። ሦስተኛው ሽቦ የተቆረጠበት ስፒና ሠራተኛውን ለሞት ይዳርጋል። በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ የፍሳሽ መከላከያ በመስመሩ ላይ ቢጨመር መልካም ነው፤ ነገር ግን የመሬት ሽቦውን አይተካም።

የጉለሌ ከፍታ የሚያመጣው ችግር ደግሞ አለ። የሞተር ፋብሪካዎች የሚጽፉት ጉልበት በተለምዶ ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚያገለግል ነው፤ ጉለሌ ግን 2,500 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በባሕር ዳር ጋኑን በ3 ደቂቃ የሚሞላ ኮምፕሬሰር እዚህ 4 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የሚያቀዘቅዘውም አየር ቀጭን ነው። እንግዲህ ሞተሩ ብዙ ይሠራል፣ ብዙም ይሞቃል። አስመጪዎች ከፋብሪካው ዋጋ ሲጠይቁ ይህን ከፍታ በደብዳቤያቸው ቢገልጹ፣ ገዥዎችም ትንሹን መሣሪያ ያለ ዕረፍት ባያሠሩት፣ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ኮምፕሬሰር ሌላ ጣጣ አለው። መሣሪያው የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ የኢትዮጵያን 50 ኸርዝ ወደ 60 አይለውጥም። ሞተሩ ከስድስት እጅ በአምስቱ ፍጥነት ይዞራል፣ ከልኩ በላይም ይሞቃል። ሞተሩን አውርዶ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ በሚሠራ መተካት ይሻላል።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚደረገውን ብዙዎች አያውቁትም። ደኅና ኮምፕሬሰር ሞልቶ ሲቆም «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህም በፒስተኑ ራስ ላይ የቀረው አየር ሲወጣ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ስፒናው ሲነቀል ግን ያ አየር እዚያው ታምቆ ይቀራል፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ጭነት ተሸክሞ ለመነሣት ይገደዳል። ስለሆነም መብራት እንደ ጠፋ በራሱ በኮምፕሬሰሩ ማብሪያ ማጥፋት፣ ድምፁንም መስማት ያስፈልጋል።

ከ3 የፈረስ ጉልበት በላይ ለሚፈልግ ሰው የሚስማማው በ380 ቮልት የሚሠራው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። ለዚህም ሕዝቡ እስከ ዛሬ መብራት ኃይል ለሚለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለተባለው ድርጅት፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ማመልከት ይገባል። መስመሩ እስኪፈቀድ ድረስ በጄኔሬተር የሚሠራ ቢኖር፣ ለ2 የፈረስ ጉልበት ሞተር መነሻ ከ5 ኪሎዋት ያላነሰ ይፈልጋል፤ ጄኔሬተሩም ከጋራዡ ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይቀመጣል፤ ጭሱ በዝግ ቤት እንደ ነደደ ከሰል ሰው ይገድላልና።