ማሾው በብር፣ ፈተናው በፓውንድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት በሽንኩርት፣ በማንጎና በማሾ ትታወቃለች። በተለይ ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ የይፋት ቆላ ነጋዴ ዓይኑን ጥሎበታል። ማሾ ውጭ ተልኮ ዶላር ያመጣል፤ ነጋዴው እጅ የሚገባው ግን ብር ነው።

ልጁን እንግሊዝ አገር ሊያስተምር የሚያስብ አባት ሒሳቡ የሚጠብበት እዚህ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አብዛኞቹን የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ አያስገባም። አንዱ መንገድ ሁለት ዓመት የሚወስደው አይጂሲኤስኢ፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ዓመት ኤ ሌቭል ወይም አይቢ ነው። የሚያዘጋጁት ትምህርት ቤቶች፣ ለምሳሌ ሳንፎርድ፣ በብዛት አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ክፍያው ሌላ የቤት ኪራይና ቀለብ አለ።

የፈተናው ክፍያ መነሻው ፓውንድ ሲሆን የሚታሰበውም በየትምህርቱ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት 120 ገደማ ደረሰ፤ ፓውንዱም አብሮት ወጣ። ስምንት ትምህርት በአንዴ ማስመዝገብ ለጎረቤት ወሬ ያምራል። ይሁንና ብዙ ኮሌጆች የሚጠይቁት እንግሊዝኛና ሒሳብ ያሉበት አምስት ጥሩ ውጤት ነው። እንግሊዝኛው ያልጠና ልጅ የቀሩትንም ጥያቄዎች አንብቦ አይረዳም፤ መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣው እዚያ ላይ ቢሆን ያዋጣል።

የግንቦትና ሰኔ ፈተና ምዝገባ ወራት ቀድሞ ይዘጋል። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ማሾውን መጋዘን ያቆየ አባት ቀኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።